ተማሪዎችን ሙዚየም ስለማስጎብኘት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መምህራን፣ ወላጆችና የክበብ ተጠሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው፤ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ሙዚየሞች የተወሰዱ ናቸው።

ተማሪ ሙዚየም ሄዶ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ምን ያገኛል?

የሚፈለገው መረጃ ብቻ ከሆነ መጽሐፉ ይበቃል። ድንቅነሽ (ሉሲ) 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናት ለማወቅ ብሔራዊ ሙዚየም ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ሙዚየም የሚሰጠው ሌላ ነው፤ ልጁ ዕቃውን ፊት ለፊት ያየዋል፣ መጠኑን ከራሱ ቁመት ጋር ያስተያያል፣ ካየው ተነስቶ ይገምታል፣ ግምቱንም «ምኑን አይተህ ነው?» ሲባል ያስረዳል። በክፍል ውስጥ ብዙ የማይደረገው ይህ የመጨረሻው ነው።

ጉዳዩ በጥናትም ተፈትሿል። በአሜሪካ አርካንሳስ የሚገኘው ክሪስታል ብሪጅስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2011 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ለጉብኝት የተመዘገቡት ትምህርት ቤቶች ከአቅሙ በላይ ስለነበሩ ተራው በዕጣ ተደለደለ። ተመራማሪዎች ዕጣ የወጣላቸውንና ገና ተራ የሚጠብቁትን፣ በጠቅላላው ወደ 11,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን አወዳደሩ። የጎበኙት ተማሪዎች ሳምንታት ካለፉ በኋላም አይተውት የማያውቁትን ሥዕል በጽሑፍ ሲተነትኑ በልጠው ተገኙ፤ ልዩነቱ ይበልጥ የጎላው ደግሞ ከገጠርና ከድሃ አካባቢ በመጡት ላይ ነበር። ልብ በሉ፤ ልጆቹ በአንድ ሰዓት ጉብኝት ያዩት አምስት ያህል ሥዕል ብቻ ነው።

የትኛው ሙዚየም ለየትኛው ክፍል ይሻላል?

ለታችኛዎቹ ክፍሎች አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይመቻል። ቦታው ትንሽ ነው፣ እንስሳቱን ልጆቹ በስም ያውቋቸዋል፣ «ይህ ምን ይበላል? ጥርሱን እዩት» ብሎ መጀመር ይቻላል። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ብሔራዊ ሙዚየም ይከተላል። ታሪክና ዜግነት ለሚማሩት ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ጥሩ ነው፤ ትርኢቱ የተደራጀው በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ልጅ ዕድሜ ስለሆነ (ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት) የተለያየ ብሔረሰብ ዕቃ ጎን ለጎን ይታያል፤ ለንጽጽር የተመቸ ነው። በየካቲት 2016 ፒያሳ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በትምህርቱ ዓድዋ ለደረሱ ክፍሎች ነው።

ለማንኛውም መመዘኛው ዝና ሳይሆን በዚያ ወር ክፍል ውስጥ እየተማሩት ያለው ምዕራፍ ነው። ከምዕራፉ ጋር ያልተያያዘ ጉብኝት ሽርሽር ነው፤ ሽርሽር ክፉ ባይሆንም ትምህርት ነው ብሎ ሪፖርት መጻፍ ግን አያስኬድም።

መቼ እንሂድ? ስንት ተማሪስ በአንድ ጊዜ?

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ሁሉም ትምህርት ቤት ስለሚጎርፍ በዚያን ጊዜ መሄድ በወረፋና በጫጫታ መጎብኘት ነው። ከሳምንት በላይ አስቀድሞ ደብዳቤ ማስገባት፣ የተማሪ ክፍያና አስጎብኚ ስለመኖሩ መጠየቅ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በር ላይ መገኘት ይሻላል። ለበር ፍተሻና ለቆጠራ ግማሽ ሰዓት ይያዝ። ቦርሳ ትምህርት ቤት ወይም አውቶቡስ ውስጥ ይቅር፤ ሃምሳ ቦርሳ ሲፈተሽ የጉብኝቱ ሰዓት ያልቃል።

አንድ የመስታወት ሳጥን ዙሪያ ከ12 እስከ 15 ተማሪ ነው የሚችለው። ከዚያ ከበለጠ ከኋላ የቆመው የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ነው፤ ማየት ያልቻለ ልጅ ደግሞ መረበሽ ይጀምራል። 60 ተማሪ ካለ በአራት ቡድን ከፍሎ እያንዳንዱን ቡድን በተለያየ ክፍል ማስጀመርና በየ20 ደቂቃው ማዘዋወር ነው። ለታችኛው ክፍል ለአሥር ልጅ፣ ለላይኛው ለአሥራ አምስት ልጅ አንድ አዋቂ ይመደብ።

ከመሄዳችን በፊት ክፍል ውስጥ ምን እንሥራ?

ሁለት ነገር። አንደኛው ስለ ቦታው መንገር ነው፤ መግቢያው የት ነው፣ ሽንት ቤቱ የት ነው፣ ምሳ ዕቃ የሚከፈተው መቼ ነው፣ ምን መንካት ይከለከላል። ቀላል ቢመስልም ለአዲስ ቦታ እንግዳ የሆነ ልጅ መጀመሪያ የሚያጠናው ቦታውን ነው፤ ዕቃው የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን በዋዜማው ከጨረሰ እዚያ ሲደርስ ዓይኑ ለዕቃው ነፃ ይሆናል።

ሁለተኛው የዘመን ርቀትን ማሳየት ነው። ተማሪዎች «ሚሊዮን» እና «ሺህ» ሲሰሙ ሁለቱም «በጣም ድሮ» ነው የሚሆንባቸው። አራት ሜትር ተኩል ሲባጎ ገዝቶ አንዱን ጫፍ «ዛሬ» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው፤ አንድ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ይሁን። አርዲ (ከድንቅነሽ የምትቀድም የሰው ዘር ቅሪተ አካል) 4 ሜትር ከ40 ሳንቲም ላይ ትውላለች። ሰላም (የሕፃን ቅሪተ አካል) 3 ሜትር ከ30፣ ድንቅነሽ 3 ሜትር ከ20 አካባቢ፣ አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2 ሜትር ከ60 ላይ ናቸው። ሄርቶ ላይ የተገኘው ኢዳልቱ (ከእኛው ዝርያ የሆነ ጥንታዊ ሰው) ከ«ዛሬ» 16 ሳንቲም ብቻ ይርቃል። ከዚያ «የአክሱም ሐውልት የት ይሁን?» ብሎ መጠየቅ ነው። 1,700 ዓመት 1.7 ሚሊሜትር ነው፤ ዓድዋ ደግሞ 0.13 ሚሊሜትር፣ በእስክሪብቶ ጫፍ የማይለይ። ልጆቹ ራሳቸው ያስሉት። ይህን የሠራ ክፍል ሙዚየም ገብቶ «ድንቅነሽና አፄ ቴዎድሮስ ማን ይቀድማል?» ብሎ አይጠይቅም (ይጠየቃል፣ በላይኛው ክፍልም ጭምር)።

ስንት ዕቃ እናሳያቸው?

በአንድ ጉብኝት ከአምስት እስከ ሰባት፤ በእያንዳንዱ ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። «ይህን ያህል ተጉዘን መጥተን ሁሉንም ሳናይ?» የሚል ቅሬታ ይመጣል። የዚህ መልሱ ቀላል ነው፤ መጨረሻ ላይ 20 ደቂቃ በነፃነት እንዲዞሩ መተው። ሁሉንም በሰልፍ ያየ ተማሪ ግማሽ ሰዓት ካለፈው በኋላ ዓይኑ ይከፈታል እንጂ አያይም።

የትኞቹ እንደሚታዩ መምህሩ ቀድሞ ሄዶ መምረጥ አለበት፤ ትርኢት ይቀያየራል፣ ለእድሳት የሚዘጋ ክፍልም አይጠፋም።

አስጎብኚው ይናገር ወይስ መምህሩ?

አስጎብኚው ዕቃውን ያውቃል፣ መምህሩ ልጆቹን ያውቃል፤ ሥራው ለሁለት ይከፈል። ችግር የሚፈጠረው አስጎብኚው ለጎልማሳ ጎብኚ የሚናገረውን የአርባ ደቂቃ ገለጻ ለ6ኛ ክፍል ሲደግመው ነው። በር ላይ «የመረጥናቸው ስድስት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፣ በየዕቃው መጀመሪያ ልጆቹ ይናገሩ፣ እርስዎ ቀጥለው ያርሙልን» ብሎ በትህትና መነጋገር ነው። አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል።

ልጆቹ እንዲናገሩ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ «ምን ይታያችኋል? ምኑን አይታችሁ ነው እንዲህ ያላችሁት? ሌላስ?» ኒውዮርክ ውስጥ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ፊሊፕ የናዋይንና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አቢጌል ሃውሰን ያዳበሩት ዘዴ ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ ክፍሎች የሚያሳየው ባህላዊ ሥዕል ፊት ቆሞ ቢሞከር ያምራል፤ ታሪኩን የሚያውቅ ልጅ ከሥዕሉ ሳይሆን ከትዝታው መናገር ሲጀምር «ምኑን አይተህ ነው?» የሚለው ወደ ሥዕሉ ይመልሰዋል። መምህሩ «ጎበዝ!» ወይም «ተሳስተሃል» ማለቱን ለጊዜው ይተወው፤ አንዱ «ጎበዝ» ከተባለ ሌላው ያንኑ ነው የሚደግመው።

የጥያቄ ወረቀት ማደል ጥሩ ነው?

እንደ ወረቀቱ ነው። «ድንቅነሽ የተገኘችው በ____ ዓ.ም. ነው» የሚል ሃያ ባዶ ቦታ ያለው ወረቀት ሙዚየሙን ወደ መግለጫ ጽሑፍ ግልበጣ ይቀይረዋል። ምን እንደሚሆን ይታወቃል፤ አንዱ ፈጣን ልጅ ይሞላል፣ ሌላው ከእሱ ይገለብጣል፣ ማንም ቀና ብሎ ሳጥኑን አያይም። መልሱ ከጽሑፉ ሳይሆን ከዕቃው የሚገኝ ጥያቄ ነው የሚያስፈልገው፤ አንድ ገጽ፣ ሦስት ጥያቄ፣ አንድ ሥዕል መሣያ ቦታ። ለሁለት ልጅ አንድ ወረቀት ይሰጥ፣ እንዲነጋገሩ። እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ ይያዙ።

ለምሳሌ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ ሙዚየሙ ካለበት ሕንፃ ውጭ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ጥያቄዎቹ እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እርከኖቹን ቁጠሩ። ወደየት ያወጣሉ? አናቱ ላይ ያለው ምንድን ነው፣ ከደረጃው ጋር አብሮ የተሠራ ይመስላችኋል? ልጆቹ ቆጥረው፣ ተከራክረው ከጨረሱ በኋላ ነው ታሪኩ የሚነገረው። ደረጃውን ያቆሙት ጣሊያኖች ናቸው፤ ሙሶሊኒ በ1922 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን። ወራሪው ከተባረረ በኋላ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ታሪኩ መጀመሪያ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ የሚቆጥር አይኖርም ነበር።

ስልክ ይዘው ይግቡ?

ፎቶ ማንሳት የተፈቀደ ቢሆንም ለቡድን አንድ ስልክ ይበቃል። ሊንዳ ሄንከል የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ሙከራ ሙዚየም ውስጥ ዕቃዎችን ሙሉውን ፎቶ ያነሱ ሰዎች ዝም ብለው ካዩት ይልቅ ያነሱትን ረስተው ተገኝተዋል፤ አንዱን ክፍል አቅርበው ያነሱት ግን አልረሱም። ስለዚህ ሕጉ «አምስት ደቂቃ ካያችሁ በኋላ፣ አንድ ዝርዝር ነገር ብቻ» ይሁን። የመስቀሉ ሐረግ፣ የጋሻው ማጌጫ፣ የጥርሱ ቅርጽ። ፍላሽ የትም ቦታ ይጠፋ፤ ጨርቅና ብራና ላይ ያለ ቀለም በብርሃን ይደበዝዛል።

ማየት የተሳነው ተማሪ አብሮን ቢኖርስ?

ደብዳቤው ላይ ቀድሞ ይጠቀስ፤ በእጅ ሊዳሰስ የሚችል ቅጂ ወይም ዕቃ ካለ ሙዚየሙ ሊያዘጋጅ ይችላል። ከሌለ ከትምህርት ቤት ይዞ መሄድ ነው፤ ባልጩት፣ የሸክላ ስባሪ፣ ቁርጥራጭ ቆዳ። አንድ ተማሪ ዕቃውን በቃል እንዲገልጽለት ሲመደብ ተጠቃሚው ሁለቱም ናቸው፤ ገላጩ ያላስተዋለውን ለማስተዋል ይገደዳል።

ድንቅነሽ «ቅጂ ናት» ሲባሉ ተማሪዎች ይከፋቸዋል። ምን እንበላቸው?

እውነቱን፣ ያውም ቀድሞ። ለዕይታ የቀረበው ቅጂ ነው፤ ዋናው አጥንት በሙዚየሙ ውስጥ በጥብቅ ቦታ ይቀመጣል። ከ2007 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ዋናዋ አሜሪካ ተወስዳ ታይታለች፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሰላም ጋር ፕራግ ሄዳለች። ቅጂው የሚሠራው ከዋናው ላይ በተወሰደ ልክ ስለሆነ መጠኑም ስንጥቁም ያው ነው፤ ከቅርጿ ለመማር የሚጎድል ነገር የለም። ይህን ክፍል ውስጥ የሰማ ልጅ እዚያ ሄዶ «ተሸወድን» አይልም።

ከዚያ ወደ ሥራ መግባት ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ከጠቅላላ አጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ነው ያለው። ተኝታ በምትታየው ላይ «ምን ምን ይጎድላል?» ብሎ ማስቆጠር። አብዛኛው የራስ ቅል የለም፤ መንጋጋው ግን አለ። «ቆማ የምትታየዋን ሙሉዋን ቅጂ ታዲያ ከምን ሠሯት?» ይመጣል፤ የግራው ካለ ቀኙ በእሱ ልክ ይሞላል፣ ሁለቱም ከሌሉ ከዝርያዋ ሌሎች አጥንቶች ይወሰዳል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ5 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ቀድሞ በቴፕ ቢለጠፍ የአምስት ዓመት ልጅ ቁመት መሆኑን ያያሉ። «ልጅ ነበረች ማለት ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አይደለችም፤ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ ወጥቷል። ሕፃን የነበረችው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ ያገኛት የሦስት ዓመቷ ሰላም ናት። ብዙዎች «የሉሲ ልጅ» ይሏታል፤ በዕድሜ ግን ከድንቅነሽ 100,000 ዓመት ያህል ትቀድማለች። ልጆች ይህን ስህተት ማረም ይወዳሉ።

ከሙዚየም ስንመለስ ፈተና እንስጥ?

ዓመተ ምሕረት የሚጠይቅ ፈተና አይደለም። የተሻለው በማግስቱ፣ ቢዘገይ በሦስት ቀን ውስጥ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ መድቦ እያንዳንዱ ቡድን ለመረጠው ዕቃ አዲስ መግለጫ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ርዝመቱ ከ50 ቃል አይለፍ፣ ታናሽ እህቱ እንድትረዳው ሆኖ ይጻፍ፣ ቢያንስ አንድ በዓይን የታየ ዝርዝር ይኑረው። ከጉብኝቱ በልጆቹ አእምሮ ውስጥ ምን እንደቀረ ወዲያው ይታወቃል። ጥሩዎቹ በሚኒ ሚዲያ ይነበቡ።

በከተማችን ሙዚየም የለም፤ አዲስ አበባ ለመሄድም አቅም የለንም። ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ቀረብ ያለውን ማጣራት ነው፤ ሐረር፣ አክሱም፣ ጅማ፣ ደሴ፣ ኮንሶ ሙዚየም አላቸው። ከሌለ ዘዴው ያለ ሙዚየምም ይሠራል። ተማሪዎች ከቤታቸው ከ30 ዓመት በላይ የሆነው አንድ ዕቃ ያምጡ፤ አገልግል፣ ቅል፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ኩራዝ፣ የባትሪ ድንጋይ ሬዲዮ። የወርቅና የብር ጌጥ፣ ንዋየ ቅድሳትና ብራና እንዳይመጣ አስቀድሞ ይከልከል፤ ከጠፋ ጣጣው ከትምህርቱ ይበልጣል። ሲረከቡ በመዝገብ ይጻፍ፤ የባለቤቱ ስም፣ መጠን፣ ከምን እንደተሠራ፣ የተጎዳው የት ጋ እንደሆነ፣ ማን እንዴት ይጠቀምበት እንደነበር። የመጨረሻውን ለመሙላት ልጁ አያቱን መጠየቅ አለበት። ሙዚየሞችም የሚመዘግቡት በዋናው ይህንኑ ነው።

ውጭ አገር የሚያድጉ ልጆችንስ የት እናሳያቸው?

ዋሽንግተንና አካባቢው ላሉ የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው፤ የሰው ዘር አመጣጥ አዳራሹ ውስጥ የድንቅነሽ ዝርያ በፊት ቅርጽ ተሠርቶ ይታያል። ለንደን ላሉ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰደ የወርቅ ዘውድና ጽዋ ይዟል፤ መግቢያው እዚያም ነፃ ነው። እዚያ የሚነሳው «ለምን አይመልሱልንም?» የሚለው ጥያቄ ነውና ወላጅ ተዘጋጅቶ ይሂድ። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ እንደዘረፈ፣ የቴዎድሮስ ጸጉር በ2019 እ.ኤ.አ. እንደተመለሰ፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ታቦታት ግን ለማንም ሳይታዩ እዚያው እንዳሉ መንገር ይበቃል።

የቀይ ሽብር ሙዚየምን ለተማሪ ማሳየት ተገቢ ነው?

ከ9ኛ ክፍል በታች አይመከርም። መስቀል አደባባይ ያለው ይህ ሙዚየም የሰለባዎችን አጽም፣ ልብስና ፎቶግራፍ እንዳለ ያሳያል። የወላጅ ፈቃድ ደብዳቤ ላይ «የሰው አጽም ይታያል» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ እንጂ «ታሪካዊ ቦታ» ብሎ ማለፍ አይገባም። በአንዳንዱ ቤት የሞተ አለ፣ በአንዳንዱም ቤት ያሰረ። ስለዚህ «ቤተሰባችሁ በየትኛው ወገን ነበር?» ተብሎ በክፍል ፊት አይጠየቅም። መውጣት የፈለገ ልጅ ምክንያት ሳይጠየቅ የሚወጣበት ቦታና አብሮት የሚቆም መምህር ይኑር። የቡድን ፎቶ የሚነሳው ውጭ ነው።

ተማሪ «ከዝንጀሮ ነው የመጣነው ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልሳለን?

ጥያቄው በየጉብኝቱ ይመጣል፣ አንዳንዴም በንዴት። አጭሩ መልስ «ሳይንሱም እንዲያ አይልም» ነው። ሳይንሱ የሚለው ዛሬ ያሉት ቺምፓንዚዎችና እኛ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የጋራ ቅድመ አያት ነበረን ነው፤ የዛሬው ዝንጀሮ የማንም አያት አይደለም። ከዚያ ወደ ሳጥኑ መመለስ ነው። የድንቅነሽ የጭን አጥንት ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ዳሌዋ አጭርና ሰፊ ነው፤ ሁለቱም በሁለት እግር የሚሄድ ፍጡር ምልክት ናቸው። የዝርያዋ የአንጎል መጠን ግን የእኛን ሲሶ ገደማ ነው። «እንግዲያው የቀደመው የቱ ነው፣ ቆሞ መሄድ ወይስ ትልቅ አንጎል?» ብሎ መጠየቅ ክርክሩን ወደ ማስረጃ ያመጣዋል። ዕድሜዋ እንዴት ታወቀ ለሚለው፤ አጥንቷ ከተገኘበት ደለል በላይና በታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ በውስጡ በተጠራቀመው አርጎን ጋዝ መጠን ይለካል።

እምነቱን ጠቅሶ «እኔ አልቀበልም» የሚል ተማሪ ሲኖር መምህሩ ሃይማኖቱን መከራከርም መሳለቅም የለበትም። ልጁ የሚጠበቅበት ሳይንቲስቶች ምን እንዳገኙና ከምን ተነስተው እንደደመደሙ በትክክል ማስረዳት ነው፤ ፈተናው ላይም የሚጠየቀው ይህ ነው። በቤቱና በቤተ እምነቱ የተማረውን ሙዚየሙ በር ላይ ጥሎ እንዲገባ ማንም አልጠየቀውም። በተቃራኒው ደግሞ መምህሩ ራሱ በእምነቱ ምክንያት ያንን ሳጥን አልፎ ተማሪዎቹን ወደ ዘውዱና ዙፋኑ የሚያጣድፍበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ገለጻውን ለሙዚየሙ አስጎብኚ ወይም ለባዮሎጂ መምህሩ መስጠት ይሻላል።